የቢሮ ኢሜላችን ጉዳይ ጨንቆኛል፣ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ አነስተኛ አስመጪ ድርጅት የአይቲውን ነገር የምይዘው እኔ ነኝ፤ የተማርኩት ግን አካውንቲንግ ነው። ባለፈው ሳምንት በራሳችን ዶሜን (ከ@ በኋላ ባለው የድርጅታችን አድራሻ)፣ በሥራ አስኪያጃችን ስም «ፕሮፎርማው ተያይዟል» የሚል ኢሜል ገባ። ገንዘብ ያዧ ከፈተችው፤ ፋይሎቹ ሁሉ ተቆልፈው ቢትኮይን ክፈሉ የሚል ጽሑፍ ብቻ ቀረ። የባክአፑ ሃርድ ዲስክም እዚያው ተሰክቶ ስለነበር (ጥፋቱ የኔ ነው) አብሮ ሄደ።

ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ ነቅያለሁ፣ የሁሉንም ፓስወርድ ቀይሬያለሁ። የተቸገርኩት ዲማርክ (በስማችን የመጣ ኢሜል ማጣሪያውን ካላለፈ ተቀባዩ ሰርቨር ምን እንዲያደርገው የሚነግር ደንብ) ላይ ነው። ኤስፒኤፍ (በስማችን መላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር) እና ዲኪም (ኢሜሉ ላይ የሚያርፍ ዲጂታል ፊርማ) አስተካክያለሁ፤ ዲማርክን በቀጥታ «ሪጀክት» (ያላለፈውን አትቀበል) ላይ ባደርገው ግን የራሳችን ደረሰኞች ለደንበኛ ሳይደርሱ እንዳይቀሩ ፈራሁ። መጀመሪያ «ነን» (none፦ ምንም ሳታግድ ሪፖርት ብቻ ላክ) ላይ አድርጌ ሪፖርቱን ምን ያህል ጊዜ ልከታተል? ኖ ሞር ራንሰም (እንዲህ ለተቆለፉ ፋይሎች ነጻ መፍቻ የሚያቀርብ ድረ ገጽ) ላይ መፍቻ ፈልጌ አጣሁ። አለቃዬ ደግሞ «እንክፈላቸውና እንገላገል» እያሉኝ ነው፤ ከፍሎ ፋይሉ የተመለሰለት ሰው አለ?