የኩባያ ቸኮሌት ኬክ ገንፍሎ እንደ ጎማ ደረቀብኝ፣ እባካችሁ ቶሎ!

ሊሊ ገርጂ፦
አሁን ከማይክሮዌቭ አወጣሁት። መጀመሪያ ገንፍሎ ሳህኑን ሞላው፣ ከዚያ መሃሉ ሰመጠ፣ ዳሩን ማንኪያ አይቆርጠውም። ዱቄት 4፣ ስኳር 4፣ ካካዎ 2፣ ቤኪንግ ፓውደር 1፣ እንቁላል 1፣ ወተት 3፣ ዘይት 3፤ 3 ደቂቃ። ማይክሮዌቩ ተበላሽቶ ነው አይደል? ልጆቹ ሊደርሱ ነው፣ የቀረኝ ካካዎም ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ቤዛ፦
3 ደቂቃ በጣም በዛ። 1 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ይበቃዋል።

ጋሽ ምድጃ፦
ልጄ፣ ማይክሮዌቭን እንደ ምድጃ አትይው። ምድጃ ከውጭ ወደ ውስጥ ቀስ ብሎ ያበስላል። ማይክሮዌቭ ሊጡ ውስጥ ያለውን ውሃ ነው በቀጥታ የሚያሞቀው፤ ጊዜው ሲያልፍ ውሃው ተንኖ ያልቅና እንቁላሉና ዱቄቱ ይጠነክራሉ። ደግሞ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነች። የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል የቤኪንግ ፓውደሩ ጋዝ አብዝቶ ይነፋል፣ ሊጡ ሳይረጋ ይወጣና መልሶ ይወድቃል። ዝቅተኛ ቦታ ላይ ተለክቶ የተጻፈ አሠራር እዚህ እንዳለ አይሠራም።

ማሂ፦
ሊሊዬ፣ ቤኪንግ ፓውደር 1 ያልሽው በየትኛው ማንኪያ ነው? በሻይ ማንኪያ እንኳ ቢሆን ከሚያስፈልገው 4 እጥፍ ነው፣ የገነፈለው በእሱ ነው። አሁን እንዲህ አድርጊ፦ በሾርባ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት 4፣ ካካዎ 2፣ ስኳር 3፤ በሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ሩብ (ቢያንስ እንጂ አይብለጥ)፤ ጨው ቁንጥር። ደረቁን መጀመሪያ በደንብ አዋህጂ፣ ከዚያ ወተት 5፣ ዘይት 2። እንቁላሉን ተዪው፤ ለዚህች ትንሽ ሊጥ አንድ ሙሉ እንቁላል ሲገባ ኦምሌት ነው የሚሆነው። የኩባያውን ታች ጥግ በማንኪያ ጫፍ ፈትሺ፣ ደረቅ ዱቄት እዚያ ይደበቃል። ዱቄቱ ከጠፋ በኋላ ግን አትምቺው፣ ይጎተታል። ሊጡ ከኩባያው ግማሽ አይለፍ።

አቤል ኮተቤ፦
ማይክሮዌቩ ጤነኛ ነው፣ የተበላሸ ቢሆን አያደርቀውም ነበር። ጀርባው ላይ ስንት ዋት ይላል? 800 ከሆነ 70 ሴኮንድ፣ 1000 ከሆነ 60 ሴኮንድ አካባቢ። መብራት ሲደክም ግን ኃይሉ ስለሚቀንስ በሰዓት ብቻ አትመኚ፤ 50 ሴኮንድ ላይ ከፍተሽ እይ፣ ከዚያ በ10 በ10 ሴኮንድ ጨምሪ። መሃሉ ላይ የሳንቲም ያህል እርጥብ ሲቀር አውጪውና 1 ደቂቃ ይቀመጥ፣ በራሱ ሙቀት ይጨርሳል።

ቤዛ፦
እኔም ያልኩት ሰዓቱን ነው።

ሊሊ ገርጂ፦
700 ይላል። የሾርባ ማንኪያ ነበር 😭 ያ ኩባያ ቆሽሿል፣ የወርቅ ጠርዝ ባለው ልሥራው?

አቤል ኮተቤ፦
አይሆንም! ወርቃማው ቅብ ብረት ስላለው ብልጭታ ያወጣል። ያንኑ እጠቢው። በ700 ደግሞ ወደ 80 ሴኮንድ ነው።

ሶስና፦
ለጾም የሚሆንስ?

ማሂ፦
በወተቱ ፈንታ ያንኑ መጠን ውሃ፣ ሌላው እንዳለ። የካካዎ ዱቄቱ ስኳርና ወተት ያልተቀላቀለበት መሆኑን ማሸጊያው ላይ አንብቢ። ለመጠጥ የሚሸጠው የቸኮሌት ዱቄት አብዛኛው ስኳር ነው፣ አንዳንዱ ወተትም አለው። በእሱ ከተሠራ ኬኩም ጠቆር አይልም፣ ጣዕሙም ይሳሳል።

ጋሽ ምድጃ፦
ውሃ ከሆነ ለብ ያለ ይሁን፣ ካካዎው ቶሎ ይዋሃዳል።

ሶስና፦
ለሁለት ሰው በአንድ ትልቅ ኩባያ እጥፍ ባደርገውስ?

አቤል ኮተቤ፦
መሃሉ ሳይበስል ዳሩ ይደርቃል። በሁለት ኩባያ ከፍለሽ አንድ በአንድ አስገቢ። ሁለተኛውን ግን ቤኪንግ ፓውደሩን ልታስገቢው ስትይ ጨምሪ፤ በጥብጠሽ ካስቀመጥሽው ከፊሉ ጋዝ ይወጣና በደንብ አይነሳም።

ማሂ፦
ሊሊ፣ እንዴት ሆነ?