«ማስክ»፣ «ጭምብል» ወይስ «የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ»?

የአማርኛ መምህር፣ ኮምቦልቻ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በከተማችን የብየዳና የጨርቃ ጨርቅ ሙያ ለሚማሩ ሠልጣኞች የተዘጋጀ የደኅንነት መመሪያ እንዳርም ተሰጥቶኛል። ረቂቁ በአንዱ ገጽ «ማስክ»፣ በሌላው «ጭምብል»፣ በሦስተኛው «የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ» ስለሚል፣ የሚነገረው ስለ አንድ ዕቃ ይሁን ስለ ሦስት አይለይም። በዚህ ላይ አንድ ባልደረባዬ «ማስክ» ከዐረብኛ የመጣ ነው፣ እንዲያውም ከእኛው «ሰከረ» ጋር ይዛመዳል ብሎ ተከራክሮኛል። የቃሉን አመጣጥ የሚያስረዳኝ፣ ለመመሪያውም የሚበጀውን የሚመክረኝ ካለ አመሰግናለሁ።

አንባቢ ከደሴ፦
መምህር፣ የባልደረባዎ ክርክር እንዲሁ የሚጣል አይደለም። «ማስክ» ወደ እኛ የገባው ከእንግሊዝኛ ሲሆን፣ እንግሊዝኛው ከፈረንሳይኛ፣ ፈረንሳይኛውም ከጣሊያንኛው «ማስኬራ» እንደወሰደው በሰፊው የታመነ ነው። ሙግቱ ያለው ከዚያ በፊት ባለው ታሪክ ነው። አንዱ ወገን የጣሊያንኛውን ቃል «ማስካ» ወደተባለው የመካከለኛው ዘመን ላቲን ይመልሰዋል፤ ይህ ቃል ያኔ በጣሊያን ይገዙ የነበሩት የሎምባርዶች ንጉሥ ሮታሪ እ.ኤ.አ. በ643 ባወጣው ሕግ ውስጥ ጠንቋይ ሴትን ለማመልከት ተጽፎ ይገኛል፣ በሰሜን ጣሊያን በፒዬሞንቴም እስከ ዛሬ በዚሁ ትርጉም ይነገራል። ሌላው ወገን ምንጩ «መስኸራ» የሚለው የዐረብኛ ቃል ነው ይላል፤ ትርጉሙም መሳለቂያ፣ ሰው የሚያሥቅ ቀልደኛ ማለት ነው።

እኔን የሚያሳምነኝ ዘመኑ ነው። በ643 የዐረብ ሠራዊት ግብፅን ከያዘ ገና ብዙ አልቆየም ነበርና «ማስካ» ከዐረብኛ ተወስዶ ሎምባርዶች ዘንድ ደርሷል ማለት ያስቸግራል። ሆኖም የ«ማስኬራ» መጨረሻ ላይ ያለችው «ራ» ከላቲኑ ስለማትገኝ፣ በሜዲትራንያን ንግድ የመጣው «መስኸራ» ከቀድሞው ቃል ጋር ተቀላቅሎ ይሆናል የሚሉት ሰዎች ሐሳብ ሚዛን ይደፋል። እንደዚያ ከሆነ ሁለቱም ወገኖች በከፊል ልክ ናቸው።

ኪታብ የቀራ፣ ከከሚሴ፦
አብሽር መምህር፣ የ«ሰከረ»ው ነገር ቀላል ነው። በሶርፍ (የዐረብኛ ቃላት አረባብ) ትምህርት መጀመሪያ ከምንለያቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ በ«ኸ» የሚነገረው «ሰኺረ» አላገጠ ማለት ሲሆን «መስኸራ» የወጣው ከእርሱ ነው፤ በ«ከ» የሚነገረው «ሰኪረ» ግን ሰከረ ማለት ነው፣ ከአማርኛው ጋር የሚዛመደውም ይኸኛው ብቻ ነው። ጆሮ ያቀራርባቸዋል እንጂ ሥርወ ቃላቸው አይገናኝም።

ዐረቦች ራሳቸው ለሕክምናው መሸፈኛ «መስኸራ» አይሉም፤ የሚሉት «ኪማማ» ነው። ሥሩ መሸፈንንና አፍን መዝጋትን የሚያመለክት ሲሆን፣ ግመል እንዳይነክስ አፉ የሚታሰርበትም ነገር የሚጠራው ከዚሁ ሥር በወጣ ቃል ነው። ሴቶች ፊታቸውን የሚሸፍኑበት «ኒቃብ» ደግሞ መብሳት ከሚል ሥር የተገኘ ነው።

የጤና ባለሙያ፣ ወልድያ፦
ከቃሉ ምንጭ ይልቅ ለሠልጣኞቹ የሚያሳስበኝ የዕቃው ልዩነት ነው። «የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ» የሚለው ሐረግ ከ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ በሰፊው የታወቀ በመሆኑ ለጨርቁና ለሕክምናው ዓይነት ይስማማል፤ እነዚህ በዋነኛነት ከለባሹ አፍ የሚወጣውን ጠብታ የሚገቱ ናቸው። ኤን95 የሚባለው ግን ፊት ላይ በደንብ ሲገጥም 0.3 ማይክሮን የሚያህሉ ብናኞችን ቢያንስ 95 በመቶ የሚያጣራ ስለሆነ (ጺም ካለ አይገጥምም)፣ «ብናኝ ማጣሪያ ማስክ» ተብሎ ለብቻው ቢጻፍ ይሻላል። የብየዳው የፊት መከለያ ዓይንንና ፊትን ከጨረርና ከፍንጣሪ ያድናል እንጂ ጭሱን አያጣራም፤ ሠልጣኙ «ጭምብል አድርጌያለሁ» ብሎ ጭሱን እየሳበ እንዳይውል ይህ በግልጽ መጻፍ አለበት። ጋዝ ሲሆን ደግሞ ሁሉም አይበቁም፣ ለጋዙ ዓይነት የተሠራ ማጣሪያ ያስፈልጋል። በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ግንባር ጣሊያን በአባቶቻችን ላይ ያዘነበው የሰናፍጭ ጋዝ ቆዳን ጭምር የሚያቆስል ስለነበር ማጣሪያ ቢኖር እንኳ ብቻውን ባላዳነ ነበር።

«ጭምብል»ን በተመለከተ፣ ቃሉ ማንነቱን የደበቀ ዘራፊን ስለሚያስታውስ ለመመሪያ አልመርጠውም።

የአማርኛ መምህር፣ ኮምቦልቻ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስቱን ዕቃዎች በየስማቸው ለይቼ እጽፋለሁ፣ የብየዳውንም «የፊት መከለያ» እለዋለሁ። «ጭምብል» ግን በዘራፊ ምክንያት ብቻ መባረሩ አልተዋጠልኝም፤ የሮታሪ ጠንቋይ ሐኪም ቤት ከገባች የእኛው ቃል የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም። ለመመሪያው ሲባል ለጊዜው ትቼዋለሁ።