የአየር ንብረትና የወባ ጥናት፦ ቡድኑን ከየትኞቹ ሙያዎች እናዋቅረው?

ጣና_ዳር፦
ጤና ይስጥልኝ። በዩኒቨርሲቲያችን የአየር ንብረት ለውጥ በአማራ ክልል ወይና ደጋ ወረዳዎች በወባ ስርጭት ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ ለማጥናት ዕቅድ አቅርበናል። አሁን ያለነው አንድ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ፣ አንድ የስታቲስቲክስ መምህርና በጂኦግራፊ የሠለጠንኩት እኔ ነን። ከወረዳዎቹ የሚላከውን ሳምንታዊ የወባ ሪፖርት ከሳተላይት የዝናብና የሙቀት መረጃ ጋር አገናኝተን ትንበያ ለመሥራት አስበናል። ገምጋሚዎቹ ግን ሙያዎቻችሁ ጥቂት ናቸው ብለው ዕቅዱን መለሱልን። ለቅጹ ማሟያ ስም መደርደር አንፈልግም፤ ሥራውን በእርግጥ የሚለውጠው የትኛው ሙያ እንደሆነ ልምዱ ያላችሁ ብትነግሩን ደስ ይለናል።

በልግና_መኸር፦
ውድ ጠያቂ፣ መነሻችሁ ጽኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት የደብረ ዘይትን አካባቢና የኮሎምቢያዋን አንቲዮኪያ ደጋማ ቦታዎች የወባ መዝገብ መርምሮ፣ ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ አሳይቷል። በዚያ ሥራ የሥነ ምህዳር፣ የጤናና የጂኦግራፊ ሰዎች አብረው ነበሩ።

እኔ የሜትሮሎጂ ሰው ስለሆንኩ ወደ ሙያዬ ባደላ አይፈረድብኝም። ሳተላይቱ የሚለካው የመሬቱን ገጽ ሙቀት እንጂ ትንኟ በቀን የምታርፍበትን የጎጆ ውስጥ አየር አይደለም፤ በምድር ያሉት ጣቢያዎች ደግሞ በአብዛኛው ከተማና መንገድ ዳር ስለተተከሉ የገደሉን ሥርና የተራራውን ጫፍ አያውቁትም። የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤታችን የጣቢያና የሳተላይት መረጃን አዋህዶ ያዘጋጀው የረጅም ዘመን መረጃ ስላለ፣ ትንታኔውን ከመጀመራችሁ በፊት ይህን የሚያውቅ ሰው አስገቡ።

እጭ_ቆጣሪ፦
ሜትሮሎጂው ብቻውን አይበቃም፤ የትንኝ ባለሙያም ያስፈልጋችኋል። ሙቀት ሥራውን የሚሠራው በትንኟ ሆድ ውስጥ ነው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ በትንኟ ውስጥ አድጎ ለመተላለፍ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 12 ቀን ገደማ ሲፈጅበት፣ በ20 ዲግሪ ግን ወደ 28 ቀን ይጠጋል፤ አብዛኞቹ ትንኞች ይህን ያህል አይኖሩም። ስለዚህ በቆላ ከቁም ነገር የማይቆጠር የአንድ ዲግሪ ጭማሪ በወይና ደጋ ብዙ ነገር ይለውጣል። ቫይቫክስ የተባለው ሌላው የወባ ተውሳክ ከፋልሲፓረም በተሻለ ቅዝቃዜን ስለሚችል፣ በተጨማሪም በሰው ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ስለሚያገረሽ፣ ሁለቱን ደምራችሁ አንድ ሞዴል ብትሠሩ የአየር ንብረቱ ተጽዕኖ ይደበዝዛል።

ዝናቡም እንዲሁ ቀጥተኛ አይደለም። ኃይለኛ ዝናብ በውኃ ውስጥ ያለውን የትንኝ እጭ ጠራርጎ ይወስደዋል፤ ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ ወጥቶ ኩሬዎች ፀሐይ ሲያገኙ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ የሚሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው። በከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፌንሲ የተባለች የወባ ትንኝ ዝርያ በውኃ ማጠራቀሚያ በርሜልና ታንከር ስለምትራባ ዝናብ አትጠብቅም፤ ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2022 በደረቁ ወቅት ወረርሽኝ የገጠማት ከእርሷ ጋር በተያያዘ ነው።

የወረዳ_ወባ_አስተባባሪ፦
ከላይ የተባለውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጠው ክፍተት ያለው በሰው እንቅስቃሴ ላይ ይመስለኛል። ከጎጃምና ከጎንደር ደጋ ብዙ ወጣት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ወርዶ፣ ሜዳ ላይ ያለ አጎበር አድሮ፣ በጥቅምትና በኅዳር ታሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የሚመረመረው በቀበሌው ጤና ኬላ ስለሆነ ሪፖርቱ የደጋው ወረዳ ወባ ሆኖ ይመዘገባል። ኮምፒውተሩ ይህን ሲያይ ደጋው ሞቀ ይላችኋል፤ በሽተኛው ግን የተነደፈው ቆላ ነው። ይህን የሚለይላችሁ የሥነ ማኅበረሰብ ባለሙያ እንጂ የተሻለ ሳተላይት አይደለም።

በተጨማሪም መዝገቡን የሚያውቅ የጤና መረጃ ሰው ያስፈልጋችኋል። ወረዳ ለሁለት ሲከፈል የቀደመው ቁጥር በድንገት ያሽቆለቁላል፤ የመመርመሪያ ኪት ሲያልቅ የተረጋገጠ ሕሙም ይቀንሳል፤ ሪፖርት ያልላከ ጤና ኬላም አንዳንድ ጊዜ ዜሮ ተብሎ ይሞላል። የርጭትና የአጎበር ሥርጭት ዓመታትን ካልመዘገባችሁ ደግሞ በመከላከል ሥራ የመጣውን ቅናሽ ለአየር ንብረት ትሰጡታላችሁ።

ጣና_ዳር፦
ከልብ አመሰግናለሁ። የሕሙማኑን ጉዞ ባለፉት ዓመታት መዝገብ ውስጥ ማግኘት ይቻላል?

የወረዳ_ወባ_አስተባባሪ፦
ወደ ኋላ ተመልሶ ከሕሙማን መዝገብ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ወደ ፊት ግን በተመረጡ ጥቂት ጤና ጣቢያዎች ወባ ለተገኘበት ሰው ሁሉ «ባለፈው አንድ ወር ከቀበሌዎ ውጭ አድረዋል? የት?» የሚል ጥያቄ በተለየ ቅጽ ብታስሞሉ፣ ከስነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ በኋላ ከመስከረም ጀምሮ መሥራት ትችላላችሁ። ጥያቄውን ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ጋር አስቀድማችሁ ሞክሩት፤ የሰሊጥ ሥራ ላይ የከረመ ወጣት የቤቱን ቀበሌ ብቻ ተናግሮ ዝም ማለቱን እነርሱ ያውቃሉ።