ከሰል ብቻ ይዤ የጦርነትን መከራ እንዴት ልሳል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስዕል ተማሪ ነኝ። ለክፍል ሥራ የናፖሊዮን ሠራዊት በ1812 እ.ኤ.አ. ከሞስኮ ሲያፈገፍግ እየሳልኩ ነው። ቀለም አይፈቀድም፣ በከሰል ብቻ። አሳሳሉም እንደዚያ ዘመን ሮማንቲክ ሠዓሊዎች፣ ማለትም ስሜትን አጉልተው እንደሚሥሉት፣ እንዲሆን ታዘናል። ሃያ ወታደር፣ መድፍ፣ ጭስ፣ የሚነድ ቤት አስገባሁ። ሲታይ ግን ሰልፍ እንጂ መከራ አይመስልም። ደግሞ ሁሉም ነገር ግራጫ ሆነብኝ። እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ 1፦
እህቴ፣ ሰው ቀንሺ። ፈረንሳዊው ቴዎዶር ዤሪኮ ይህንኑ ማፈግፈግ በ1818 ገደማ በሊቶግራፍ፣ ማለትም በድንጋይ ህትመት ሠርቶታል። ፈልገሽ እይው። ጎልተው የሚታዩት ሁለት ወታደሮችና አንድ ፈረስ ናቸው። ፈረሱ ላይ ያለው ዓይኑ በጨርቅ ታስሯል፣ አያይም። ፈረሱን የሚመራለት ደግሞ አንድ እጁ የለም። አንዱ ለሌላው ዓይን ሆኖለት ይሄዳሉ። ጠላት የለም፣ ተኩስ የለም። ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይባባል።

መልስ 2፦
ግራጫ የሆነብሽ ከሰሉን አብዝተሽ በጣትሽ ስላሸሽው ይመስለኛል። መጀመሪያ መዳፍ በምታህል ወረቀት ላይ በሦስት ደረጃ ብቻ ሞክሪ፦ ነጭ፣ መካከለኛ፣ ጥቁር። በረዶውን አትሳይው። ወረቀቱ ራሱ በረዶ ይሁን። ድፍን ጥቁሩን ለሰዎቹና ለፈረሱ ብቻ አስቀምጪ። የጠቆረብሽን ቦታ በዳቦ ልብ ቀስ እያልሽ አንሺው። የድሮ ሠዓሊዎችም እንደዚያ ያደርጉ ነበር፣ ወረቀት አይጎዳም።

መልስ 3፦
ሰው መቀነሱ ልክ ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም። ምን ከወረቀቱ ውጪ እንደሚቀርም አስቢ። ስፔናዊው ጎያ ስለ ጦርነት መከራ በመዳብ ላይ ከሠራቸው ህትመቶች አንዱ «ማየት አይቻልም» ይባላል። ሰዎች ተንበርክከው ይማጸናሉ። ከቀኝ ጠርዝ የጠመንጃ ሳንጃ ጫፎች ብቻ ብቅ ብለዋል። ወታደሮቹ አይታዩም። ፍርሃቱ እዚያ ነው ያለው። እነዚህ ህትመቶች ለሕዝብ የወጡት በ1863 ነው፣ እሱ ከሞተ ከ35 ዓመት በኋላ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አሥራ ሰባቱን አወጣኋቸው። ጭሱም ቤቱም ሄደ። ሦስቱ አንገታቸውን ደፍተው ሲሄዱ ብርዱ ተሰማኝ። መድፉን ሳጠፋ ግን የመንኮራኩሩ ምልክት አልለቅ አለ።

መልስ 2፦
ተይው፣ አትፈትጊው። በረዶ ላይ የቀረ የጋሪ ዱካ ይሆንልሻል።