ሰባት ጉድጓድ፣ አንድ ቦይለር፦ እንፋሎቱ ለየትኛው?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ጓዶች። ድሬ ነኝ፤ የመመረቂያ ሥራዬ ወፍራም ድፍድፍ ነዳጅን በእንፋሎት ስለማውጣት ነው። ኦጋዴን ውስጥ ካሉብና ሂላላ ያለው ጋዝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱን አትንገሩኝ። የያዝኩት ምሳሌ እንደ ካናዳው የወፍራም ዘይት ሜዳ፣ ኮልድ ሌክ ነው። እንፋሎት ለሳምንታት ወደ ጉድጓዱ ይገፋል፣ ይዘጋል፣ ሙቀቱ ሲሰርጽ ዘይቱ ከዛው ጉድጓድ ይቀዳል። ከዛ እንደገና። ሰባት ጉድጓድ አለኝ፣ እንፋሎቱን የሚያፈላው ቦይለር ግን አንድ። በሊኒየር ፕሮግራሚንግ (በቀጥታ መስመር እኩልታዎች ምርጡን ድልድል በሚፈልገው ስሌት) ሳስኬደው እንፋሎቱን በሙሉ ለአንዱ ሰጥቶ ስድስቱን ጦም ያሳድራል። እውነትም እንደዛ ይደረጋል ወይስ የሂሳቡ ባህሪ ነው?

ሲምፕሌክስ፦
የሂሳቡ ባህሪ ነው። "አንድ ቶን እንፋሎት ይህን ያህል ዘይት ያመጣል" ብለህ ቋሚ ቁጥር ሰጥተኸዋል። እሱም የሚሻለውን አይቶ እዛው ያፈሳል። ምን ያድርግ? መሬት ውስጥ ግን የመጀመሪያው ቶን ጉድጓዱ አጠገብ ያለውን ዘይት ያሞቃል። በኋላ የሚመጣው እየራቀ ይሄዳል፤ ሙቀቱም ከላይና ከታች ባለው ድንጋይ ይባክናል። ስለዚህ እንፋሎት ሲጨምር ዘይቱ ስንት እንደሚሆን የሚያሳየውን ኩርባ በሦስት አራት ቀጥታ መስመር ቆራርጠው። ዳገቱ እየቀነሰ እስከሄደ ድረስ ፕሮግራሙ ራሱ ከየጉድጓዱ ምርጥ ምርጡን ቁራጭ ያነሳል። በመጨረሻ እንፋሎት ባገኙት ጉድጓዶች ሁሉ የመጨረሻዋ ቶን የምታመጣው ዘይት ይቀራረባል።

ደግሞ ዘይቱን ሳይሆን ትርፉን አብዛ። ለአንድ በርሜል ዘይት ሦስት አራት በርሜል ውሃ የሚፈላበት ጊዜ አለ። የማሞቂያው ጋዝ ዋጋ ካልገባ ሞዴልህ ቦይለሩን እስከ ጣሪያው ያነደዋል።

ቦይለር ሳቢያን፦
ዋሪያ፣ ነዳጅ ሜዳ አልሠራሁም፤ ቦይለር ግን ዕድሜዬን በልቷል። አቅሙን ከካታሎግ ገልብጠህ እንዳይሆን! የድሬን ውሃ ማንቆርቆሪያህ ውስጥ አይተኸዋል፤ ያ ነጭ ቅርፊት ቱቦ ውስጥም ያው ነው። ነዳጅ ሜዳም ከዘይቱ ጋር የወጣውን ውሃ አጣርተው ነው መልሰው የሚያፈሉት። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አያተኑትም። ከመቶ 75 እስከ 80 ያህሉን ብቻ ያተኑና የቀረው ፈሳሽ ጨዉን ተሸክሞ ያልፋል። ፈሳሹ እንደ ተኑ ሙቀት አይዝም። ቶኑን ትተህ ሙቀቱን ቁጠር።

የከዚራ ልጅ፦
አቦ ተባረኩ! መቼ ይከፈት፣ መቼ ይዘጋ የሚለውስ?

ሲምፕሌክስ፦
እሱ 0 ወይም 1 የሚሆን ተለዋዋጭ ይፈልጋል፤ ለየጉድጓዱ በየሳምንቱ። እንፋሎት እየተገፋበት ያለ ጉድጓድ እንዳይቀዳ ገደብ አስገባ። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ሞዴሉን የምትጽፍበትን ፑልፕን፣ ከሚፈታው ሶፍትዌር ከሲቢሲ ጋር ተጠቀም፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ሰባት ጉድጓድ ብዙ አያስቸግራቸውም።