የትራኮማ ፕሮፖዛል፦ ሁለተኛው ድራፍት ላይ ሐሳብ ስጡበት

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁም፣ ዓይን የሚያሳውረውን ተላላፊ በሽታ ትራኮማን ለመከላከል ማኅበራችን ለለጋሾች የሚያቀርበውን ፕሮፖዛል ቦርዱ እስከ ወሩ መጨረሻ ጨርሱ ስላለን ያልተቋጨውን ዛሬ እንነጋገርበት፣ እሱም ብሩ የት ይግባ የሚለው ነው። የመድኃኒት ግዢን ከባጀቱ አውጥቼዋለሁ። በዘመቻ የሚታደለውን የትራኮማ መድኃኒት ዚትሮማክስን አምራቹ ፋይዘር ለዓመታት በነጻ ሲሰጥ ነው የቆየው፣ እኛ በዶላር ገዝተን የምንልክበት ምክንያት አይታየኝም።

ገንዘብ ያዥ፦ እሱስ ጥሩ፣ ግን አባላት ሲጠይቁኝ ምን ልበል? ደም ግፊት አለ፣ ስኳር አለ፣ ካንሰር አለ፣ ሰው የሚገድል በሽታ ሞልቶ ለምን የዓይን ማዝ ይሉኛል።

ጸሐፊ፦ ጋሼ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሞት ብቻ ከተቆጠረ ትራኮማ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። የዓለም የበሽታ ጫና የሚባለው ጥናት ግን በሞት የጠፋውን ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ታሞና ተጎድቶ የተኖረውንም ዓመት ነው አብሮ የሚቆጥረው። የዓለም ጤና ድርጅት 1.9 ሚሊዮን ገደማ ሰው በትራኮማ ዓይኑ ጠፍቷል ወይ ተዳክሟል ይላል፣ አማራ ክልል ደግሞ በዓለም በሽታው እጅግ ከከበደባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እናቶቻችን ወረንጦ በክር አስረው አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ወደ ውስጥ የታጠፈው ሽፋሽፍት ብሌናቸውን ሲፍቃቸው ለመንቀል ነው፣ የተነቀለው ደግሞ አጥሮና ደድሮ መልሶ ሲበቅል የባሰ ይወጋል። ይሄ ሥቃይ በሞት ቁጥር ውስጥ የለም።

አባል (ነርስ፣ ከሀገር ቤት)፦ እግዜር ይስጥልኝ። የታጠፈውን ሽፋሽፍት የሚያስተካክለውን ኦፕራሲዮን የሠለጠነ ነርስ ጤና ጣቢያ ላይ በማደንዘዣ ይሠራዋል፣ ብዙ ሰዓትም አይፈጅም። ችግሩ ሴቶቹ አለመምጣታቸው ነው፣ በትራኮማ የመታወር ነገር ሴቶች ላይ እስከ 4 እጥፍ እንደሚበዛ እየታወቀ ማለት ነው። ልጁን ማን ይይዝላታል፣ እንጀራውን ማን ይጋግራል፣ ዓይኗ ታሽጎ በዚያ አቀበት ማን ይመራታል? ተሠርቶም ሽፋሽፍቱ መልሶ የሚታጠፍባቸው አሉ፣ ስለዚህ ክትትል ያስፈልጋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ብሩን ለትራንስፖርት፣ ለአስታማሚ ቀለብና ለክትትል አድርጉት።

አባል (ከሪያድ)፦ እኔ የምለው ውሃውስ? ልጆቹ ፊታቸውን በምን ይታጠቡ፣ ዝንቡ ከልጅ ወደ ልጅ እየዞረ እያስተላለፈ እኛ አሮጊቶቹን ብቻ ብናሠራ ከሥር አዲስ ታማሚ እየመጣ አይደል? ጉድጓድ እናስቆፍር በቃ።

አባል (ነርስ)፦ እውነትህን ነው ወንድሜ፣ ግን ፕሮፖዛሉ ላይ ስትጽፉት ተጠንቀቁ። እዚያው አማራ ክልል ዋግ ኽምራ ውስጥ ለጥናት 40 የገጠር መንደሮች ተመርጠው ለግማሾቹ የውሃ ቦታ ተሠርቶ የንጽሕና ትምህርት ተሰጠ፣ 3 ዓመት ሙሉ ከሌሎቹ ጋር ተነጻጽሮ ልጆቹ ላይ የኢንፌክሽኑ መጠን አልተለያየም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቷል። ውሃ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፣ ለሴቶቹ ጀርባ ስንል ብቻ እንኳ ያስፈልጋል። ውሃ ካስገባን ትራኮማ ይጠፋል ብላችሁ ለለጋሽ ቃል አትግቡ ነው የምለው።

ሊቀመንበር፦ ይሄ ትልቅ ነጥብ ነው፣ በግልጽ ይጻፍልን። ለለጋሽ ደስ የሚል ነገር ጽፈን ከ3 ዓመት በኋላ ከማፈር አሁን እውነቱን ብናስቀምጥ ይሻላል። ጋናም እ.ኤ.አ. በ2018 ትራኮማን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን አጥፍታለች የተባለችው ቀዶ ሕክምናው፣ መድኃኒቱ፣ የፊት ንጽሕናውና የአካባቢ ንጽሕናው አንድ ላይ ተይዞ ነው።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ እንዲህ ብዬዋለሁ፦ «ማኅበራችን በወረዳው ሽፋሽፍታቸው የተቀለበሰባቸውን ሰዎች ቤት ለቤት በማስፈለግ ለቀዶ ሕክምና እንዲደርሱ መጓጓዣ፣ የአስታማሚ ቀለብና የ1 ዓመት ክትትል ይሸፍናል። ከትምህርት ቤቶቹ በአንዱ የውሃ ቦታ ያሠራል፣ ይህም ከመንግሥት የመድኃኒት ዘመቻ ጎን ለጎን እንጂ በእሱ ምትክ አይደለም።» መለኪያችን ስንት ሰው ተሠራ ብቻ ሳይሆን ስንት ሰው ቀረ የሚለውም ይሁን፣ ትራኮማ ጠፍቷል ለማለት ከሚያስፈልጉት መስፈርቶች አንዱ እኮ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት ውስጥ ሽፋሽፍታቸው ታጥፎ ጤና ተቋም የማያውቃቸው ታማሚዎች ከ0.2 በመቶ በታች እንዲሆኑ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ተስማምቻለሁ። የቀለቡ ብር ግን በሰው እጅ ሳይሆን በጤና ጣቢያው ደረሰኝ ይወራረድ፣ አለበለዚያ አልፈርምም።

አባል (ከሪያድ)፦ የትምህርት ቤቱን ውሃ ካስገባችሁት እኔም አለሁበት፣ እዚህ ካሉት ልጆች አዋጣለሁ።

ሊቀመንበር፦ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የመጨረሻውን የዳሰሳ ቁጥርና የድጋፍ ደብዳቤ ማን ያመጣልን?

አባል (ነርስ)፦ እኔ ሰኞ እሄዳለሁ። የታማሚዎቹ መዝገብ በየቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽኖች ጋ ስላለ እሱንም ጠይቄ አያይዛለሁ።