ጄሊፊን ሰውን ሁሉ «ቤት ውስጥ ነው» ይለዋል፤ ፕሮክሲው ላይ ምን አጥፍቼ ነው?

አሮጌ_ላፕቶፕ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከኤንጂኔክስ (ከውጭ የሚመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ ወደ ሰርቨሩ ከሚያስተላልፈው ፕሮክሲ) ጋር ስታገል ከረምኩ።

ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ አለኝ። ክዳኑን ዘግቼ መደርደሪያ ሥር ከትቼዋለሁ፤ ጄሊፊን (የራስን ፊልሞች በኔትወርክ የሚያሳይ ሰርቨር) በዶከር (እያንዳንዱን ፕሮግራም «ኮንቴይነር» በሚባል የየራሱ ሳጥን ውስጥ በሚያስኬደው) ይሠራበታል። ቤት ውስጥ የላፕቶፑን አይፒና ፖርት 8096 ስጽፍ ፊልሙ ኩልል ብሎ ይሄዳል። እህቴ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። እሷም ትይ ብዬ ዶሜይን ገዛሁ፤ ኤንጂኔክስን በሌላ ኮንቴይነር አስነሣሁ፤ ከሌትስ ኢንክሪፕት የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፊኬት አወጣሁ።

መጀመሪያ 502 (ፕሮክሲው ከኋላው ካለው ሰርቨር መልስ አላገኘም የሚል ስህተት) እያለ አበሳዬን አሳየኝ። ፕሮክሲ ፓስ (ጥያቄው ወዴት እንደሚተላለፍ የሚጻፍበት መስመር) ላይ «ሎካልሆስት» ብዬ ጽፌ ነበር። ለካ ኮንቴይነር ውስጥ ሎካልሆስት ማለት ራሱ ኮንቴይነሩ ነው! ኤንጂኔክስ ጄሊፊንን የሚፈልገው በገዛ ኪሱ ውስጥ ነበር። ሁለቱን አንድ የዶከር ኔትወርክ ላይ አድርጌ በኮንቴይነሩ ስም ስጠራው ተከፈተ። ይቺን ብቻዬን ነው የደረስኩባት፤ ትንሽ ልኩራ።

አሁን የቀረኝ ይሄ ነው። የቤቴ አፕሎድ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ብቻ ነው። ስለዚህ ከውጭ ለሚያይ ሰው ጄሊፊን ላይ የፍጥነት ገደቡን 4 ሜጋቢት አደረግኩት። ወይ ፍንክች! እህቴ 18 ሜጋቢት የሆነውን ፊልም ስትከፍት እንዳለ ይልክላታል። በየደቂቃው ቆሞ ይሽከረከራል። ዳሽቦርዱ ላይ ደግሞ የእሷም የእኔም አይፒ አንድ ነው፦ 172.18.0.3። ሲንክፕሌይም (ተራርቀው ያሉ ሰዎች አንድ ፊልም እኩል አብረው የሚያዩበት) አልሠራ አለን።

ኬብል_ጎታች፦
ወንድሜ፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። 172.18.0.3 የኤንጂኔክስህ ኮንቴይነር ነው።

እንግዳ ሁሉ በዘበኛው በኩል መልእክት ቢልክ፣ ባለቤቱ የሚያየው ዘበኛውን ብቻ ነው። ጄሊፊንም እንደዚያ ሆኖብህ ነው። ከ172.16 እስከ 172.31 ያለው አድራሻ ደግሞ የግል ኔትወርክ ስለሆነ «ይሄማ የቤት ሰው ነው» ብሎ ያልፈዋል። ያስቀመጥከው ገደብ የውጭ ሰው ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። እህትህ ለሱ ሳሎን ተቀምጣለች።

ሁለት ቦታ ትነካለህ። ኤንጂኔክስ ላይ «ኤክስ ፎርዋርድድ ፎር» የሚባለውን ሄደር (የተመልካቹን እውነተኛ አይፒ ከጥያቄው ጋር የሚያደርስ ማስታወሻ) አስልከው። ከዚያ ጄሊፊን ኔትወርኪንግ ውስጥ «ኖውን ፕሮክሲስ» የሚል ሳጥን አለ፤ የኤንጂኔክስን አይፒ እዚያ ጻፍና ሪስታርት አድርገው። አንዱን ብቻ ብታደርግ ዋጋ የለውም። ሄደሩን ማንም ከውጭ ፈጥሮ ሊልከው ስለሚችል፣ ጄሊፊን የሚያምነው አንተ «ይሄን እመን» ያልከውን ብቻ ነው።

ለኤንጂኔክሱ ኮንቴይነር ቋሚ አይፒ ስጠው። አለዚያ አንድ ቀን እንደገና ስትፈጥረው ቁጥሩ ይቀየርና እዚሁ ተመልሰህ ታለቅሳለህ።

ሌሊት_ወፍ፦
ሲንክፕሌዩ የዌብሶኬት (ሳይዘጋ በሁለቱም አቅጣጫ መልእክት የሚያመላልስ ግንኙነት) ጉዳይ ነው። የፕሮክሲውን ኤችቲቲፒ ቨርዥን 1.1 ብለህ በግልጽ ጻፍ፤ «አፕግሬድ» እና «ኮኔክሽን» የሚባሉትን ሄደሮችም አሳልፍ። እነሱ ሲጎድሉ ፊልም ይታያል፣ ሎግኢንም ይሠራል፤ ሰው ሁሉም ነገር ደህና ይመስለዋል። ክፋቱ እሱ ነው። ፕሮክሲ በፈሪንግንም (መልሱን አጠራቅሞ መላክን) ኦፍ አድርገው።

ደግሞ ራውተርህ ላይ 8096ን ከፍተህ ረስተህ እንዳይሆን? 443 ይበቃሃል፤ 80 ደግሞ ለሰርተፊኬት እድሳት።

ሰነፉ፦
እኔ በበኩሌ በኤንጂኔክስ ፋንታ ካዲ የሚባለውን ፕሮክሲ ብትጠቀም ትገላገል ነበር እላለሁ። ዶሜይንህንና የጄሊፊንን አድራሻ ትጽፋለህ፣ በቃ። ሰርተፊኬቱንም ዌብሶኬቱንም ራሱ ይጨርሰዋል።

ኬብል_ጎታች፦
@ሰነፉ ካዲ እኔም እወዳለሁ። ግን ጄሊፊን ካዲንም ቢሆን ካልነገሩት አያምነውም። ያቺን ሳጥን ከመሙላት አላመለጠም።

አሮጌ_ላፕቶፕ፦
ኧረ እጃችሁ ይባረክ! ዳሽቦርዱ አሁን የእህቴን ትክክለኛ አይፒ ያሳያል። ፊልሙ በ4 ሜጋቢት ሳይቆም ሄደላት፤ ሲንክፕሌይም ሠራ። እና አዎ... 8096 ተከፍቶ ነበር። ዘግቼዋለሁ፣ አትቆጡኝ።

ግን ሌላ ጣጣ መጣ። እሷ ማየት ስትጀምር የላፕቶፑ ፋን ሊነሣና ሊበር ይደርሳል። ሲፒዩው 100 ፐርሰንት ላይ ነው።

ሌሊት_ወፍ፦
ገደቡ ስለሠራ ነዋ! ድሮ ፋይሉን እንዳለ ነበር የሚልከው፤ አሁን ከ18 ወደ 4 ለማውረድ ቪዲዮውን እንደገና መጭመቅ አለበት። ሲፒዩህ ኢንቴል ከሆነ ግራፊክሱን አሠራው። መጀመሪያ «ዴቭ ዲአርአይ» የሚባለውን ፎልደር ለጄሊፊን ኮንቴይነር በዶከር በኩል አሳልፍለት፤ ከዚያ ፕሌይባክ ሴቲንግ ውስጥ ቪዲዮ መጭመቁን ለግራፊክሱ ከሚያስተላልፉት ኪውኤስቪን ወይም ቪኤኤፒአይን ምረጥ። ሞዴሉን ጻፍልንና የትኞቹን ኮዴኮች (የቪዲዮ መጭመቂያ ዓይነቶች) እንደምትከፍት አብረን እንይ።